ለጉዞ ባልተሠራ ሳይክል ላይ ፖርቶ መጋላ መግጠም፦ ጥያቄና መልስ

ተራ ማውንቴን ሳይክል ላይ ፖርቶ መጋላ፣ ማለትም የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ስለ መግጠም ከሰሜን ሸዋ ነጂዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ የኔ ሳይክል ከኋላ የብሎን ቀዳዳ የለውም። ፖርቶ መጋላ ይይዛል?

መልስ፦ ቀዳዳ የለውም ከማለትህ በፊት ጭቃውን አጥበህ እንደገና እይ። አክስሉ (የኋላ ጎማው የመሐል ዘንግ) የሚገባበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በቀለም ወይም በአፈር ይደፈናል። 5 ሚሊ ብሎን ከገባ ሥራው አለቀ ማለት ነው። በእርግጥም ከሌለው ሁለት አማራጭ አለህ። አንዱ ከመቀመጫው ሥር ወደ አክስሉ የሚወርደውን ቱቦ የሚያቅፍ፣ ውስጡ ጎማ የለበሰ የብረት ማቀፊያ ነው። ሌላው የመጫኛውን እግር ከአክስሉ ዳዶ ሥር ማስገባት ነው፤ ይህ የሚሆነው በዳዶ ለሚታሰር ባለ 10 ሚሊ ድፍን አክስል ብቻ ነው። ዳዶው ጠብቆ ሲያልቅ የአክስሉ ጫፍ ቢያንስ ከዳዶው አፍ እኩል መድረስ አለበት። ወደ ውስጥ ከቀረ ዳዶው በጥቂት ጥርስ ብቻ ስለሚይዝ አትመነው።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ክብደቱን የሚሸከሙት የታች እግሮች ናቸው። የላይኛዎቹ ዘንጎች ዕቃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይወዛወዝ ከመያዝ ብዙም አያልፉም። ስለዚህ ገንዘብና ትዕግሥት ካለህ ታች ላይ አውለው።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ የማቀፊያውን ልክ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ክር በቱቦው ዙሪያ ጠምጥምና ርዝመቱን ለካ፤ ለ3.14 አካፍል። ዙሪያው 50 ሚሊ ከሆነ የ16 ሚሊ ማቀፊያ ትገዛለህ። ትንሽ ከሰፋ ከአሮጌ ከለመዳሪ ቆርጠህ ሥሩ አድርግ፤ ብዙ ከሰፋ ግን ለውጠው፣ ጎማ በጎማ ላይ ሲደረብ ይንሸራተታል። ማቀፊያውን ቱቦው መሐል ላይ አንጠልጥለህ አትተው። ከታች ከብየዳው ጋር እስኪገጥም አውርደው፤ ያኔ ጭነቱ ቢጫነውም የሚወርድበት ቦታ የለውም። የካርቦን ቴላዮ (የሳይክሉ አካል) ከሆነ ግን ይህን እርሳው፣ ማቀፊያ ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ ከላይስ የት ላስረው?

መልስ፦ የመቀመጫውን ዘንግ የሚያጠብቀውን ቀለበት ሁለት የብሎን ቀዳዳ ባለው ቀለበት ቀይረው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲገዙ የመቀመጫውን ዘንግ ውፍረት በመናገር ነው። የሚለካው ቀለበቱ የሚያርፍበት የቴላዮ ቱቦ የውጭ ውፍረት ነው፤ 31.8 እና 34.9 ሚሊ በብዛት ያጋጥማሉ።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ገጠምኩት፤ ግን ትንሹ ጥርስ ላይ ስቀይር ካቴናው ይንኳኳል።

መልስ፦ በካቴናው በኩል ያለው ብሎን ረዝሞብሃል። ጫፉ ወደ ውስጥ ወጥቶ ካቴናውን እየነካ ነው። እንዲሁ ከነዳኸው ካቴናው ይያዝና የኋላ ጎማ ሊቆልፍ ይችላል። አጭር ብሎን አስገባ፣ ወይም ጭንቅላቱ ሥር ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) ጨምር። ጫፉ ከብረቱ የውስጥ ገጽ ጋር እኩል ሲሆን ልክ ነው።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ የኔ ዲስክ ፍሬን ነው፣ እግሩ ፍሬኑን ይገፋዋል። ሮንዴላ ደርቤ ላርቀው?

መልስ፦ አንቺ እንዳልሽው ይሆናል፣ ግን ሮንዴላ ከመቆለል ከ10 እስከ 15 ሚሊ የሚረዝም አንድ ወጥ የብረት ቱቦ ይሻላል። እግሩ ከቴላዮው በራቀ ቁጥር ብሎኑ ላይ የሚያርፈው የመታጠፍ ኃይል ይጨምራል፤ ስለዚህ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ብሎን ይሁን። ለዲስክ ፍሬን ተብሎ የተሠራ መጫኛ ካገኘሽ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የኋላ ሞላ ላለውስ?

መልስ፦ አንዱን ጫፍ በሚንቀሳቀሰው ክንድ፣ ሌላውን በዋናው ቴላዮ ላይ አትሰር፤ ሞላው በሠራ ቁጥር አንዱ ይሰበራል። የመቀመጫ ዘንግ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ይሻልሃል፣ ግን ከ10 ኪሎ አታሳልፍ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ብየዳ ቤት ባሠራውስ?

መልስ፦ መጫኛውን አሠራ፤ ቴላዮውን ግን አታስነካ። ማግኔት ካልያዘው አሉሚኒየም ነው፤ ብየዳ ያለሰልሰዋል። ብረት ቢሆንም የቱቦው ግድግዳ ስስ ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ይቀዳዳል። ለመጫኛው ባለ 8 ሚሊ ድፍን ብረት ይበቃል፤ አንድ ሜትሩ 400 ግራም ገደማ ነው። የ10 ሚሊው 600 ግራም ያልፋል፣ ትርፉ ክብደት ነው። በየመንገዱ የሚበየድ በመሆኑ ብየዳ ቤት የተሠራ ብረት ከገበያ አሉሚኒየም የሚመረጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ከእግር ወደ እግር አንድ አግዳሚ ማስገባቱን አትርሳ፤ ያለሱ ወደ ጎን ይጨፍራል።

ጥያቄ፦ ስንት ኪሎ ልጫን? የጣርማ በርን ቁልቁለት አስባለሁ።

መልስ፦ የገበያው አሉሚኒየም ብዙ ጊዜ እስከ 25 ኪሎ ይላል፤ በማቀፊያ ለታሰረ ግን ከ15 በላይ አልመክርም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከዚያ ያልፋል። ከባዱን ዕቃ ታችና ወደ ፊት አድርግ፤ ከአክስሉ ኋላ ከሄደ ዳገት ላይ ፊቱ ይቀልና ማኑብሪዮው (መሪው) አልታዘዝ ይላል። ሲጭኑ ተረከዝ ቦርሳውን እንዳይመታ ፔዳሉን አዙሮ ማየት ነው።

ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የጣርማ በር ዋሻ ተነስቶ 1,300 ገደማ ላይ ወዳለው ሸዋ ሮቢት መውረድ ለፍሬን ቀልድ አይደለም። ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚገባበትን ቀለበት፣ የሚይዝ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተጫነ ቸርኬውን ያግለዋል፣ ከለመዳሪም ሊፈነዳ ይችላል። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ያዝ፤ ቆመህም አቀዝቅዝ። ከመነሳትህ በፊት በካቴናው በኩል ያሉትን የኋላ ራጂዎች (የጎማ ሽቦዎች) እየነካህ ፈትሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ብሎኑ በጠጠር መንገድ እየላላ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ከጀርባው ክፍት ከሆነ ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ፣ ካልሆነ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ። ባለ 5 ሚሊው ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ በአጭር መፍቻ በጣት ኃይል ጠበቅ ማድረግ ማለት ነው፣ አሉሚኒየም ላይ ከዚያ በላይ ጥርሱን ይበላል። ከመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመህ እንደገና አጥብቅ። የ4 ሚሊ አለንኪ፣ 16 እና 20 ሚሊ ርዝመት ያላቸው ትርፍ ብሎኖች፣ ከከለመዳሪ የተቀደደ ረዥም ጠፍር ከመቀመጫው ሥር ይኑሩ።