«ገባር» ወንዝ ወይስ «መጋቢ» ወንዝ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሜይን የተባለውን የአሜሪካ የግንድ ቆራጮች አገር የሚያሳይ የድሮ የመሬት አቀማመጥ ካርታ ለተማሪዎቼ ወደ አማርኛ ስመልስ «ገባር ወንዝ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «የጭሰኛ ዘመን ቃል ነው፤ መጋቢ በል» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ገባር ይበሉ።

ቃሉ ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ጋር መቀበር ነበረበት የሚሉ ብዙ ናቸው። ከግብር ሊያላቅቁት ብለው «ገባ» ከሚለው ግሥ የሚያመጡትም አሉ፤ ትንሹ ወንዝ ትልቁ ውስጥ ይገባልና። ይህ ከቶ አያስኬድም። «ገባ» በግእዝ «ገብአ» ነው፤ የመድረሻ ፊደሉ አልፍ (አ) እንጂ ርእስ (ር) አይደለም፤ ከእርሱ የሚወጣውም «ገቢ» ነው። የገባር «ር» ከ«ገብረ» የመጣች የሥር ፊደል ናት። ግብር፣ ምግባር፣ ግብርና፣ አገልጋይ ማለት የሆነው «ገብር» ሳይቀር የእርሷ ዘመዶች ናቸው።

ካርታዎ ራሱ ይመስክር። የቻምበርሌን ሐይቅ ውሃ በተፈጥሮው በአላጋሽ ወንዝ በኩል ወደ ሰሜን ወርዶ ለሴንት ጆን ወንዝ ይገብር ነበር። ሴንት ጆን ደግሞ የሚዘልቀው ያኔ በእንግሊዝ እጅ ወደነበረው ኒው ብረንዝዊክ ነው። ግንዱ ወደ ደቡብ፣ በሜይን ወዳለችው የባንጎር ከተማ የግንድ መሰንጠቂያዎች እንዲወርድላቸው የፈለጉ ሰዎች በ1841 እ.ኤ.አ. አካባቢ ግድብ ሠርተው፣ በቴሎስና በዌብስተር ሐይቆች መካከል ቦይ ቀድደው ውሃውን ወደ ፔኖብስኮት ወንዝ መለሱት። ሐይቁ ከስፍራው ሳይነቃነቅ ጌታ ለወጠ! የጥንቱ ገባርም በመሬቱ ላይ እንደተቀመጠ ግብሩ ከአንዱ ባለጉልት ወደ ሌላው ይዞር ነበር። ከቦዩ በፊትና በኋላ የተነሡ ካርታዎችን ሲያስተያዩ «የሴንት ጆን ገባር የነበረው ውሃ ለፔኖብስኮት ገበረ» ቢሉ ታሪኩ በአንድ ግሥ ይነገራል። መጋቢ ይህን አይችልም። መጋቢ ሹም ነው፣ የጌታውን ጎተራ የሚያዝ፤ ጅረት ደግሞ በማን ላይ ያዛል?

መንገድ ሠሪዎች «መጋቢ መንገድ» ብለው ቃሉን አጽንተውታል፤ ለወንዝም ሲባል እሰማለሁ። ስሕተት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ጆሮዬ ግን አይቀበለውም። ተማሪ ቢጽፈው ነጥብ አይቀንሱበት።

በካርታው ላይ ለተቆራረጡት ሰማያዊ መስመሮች «ወቅታዊ ገባር» ይበሉ። ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚሞላውን የድሬዳዋን ወንዝ ደቻቱን እያዩ ያደጉ ልጆች ማብራሪያ አያሻቸውም።