«ልጄን ሥራ ቦታዬ አጠገብ ላስገባት ወይስ ሰፈር?» ላለችው እህታችን

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብታችኋል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሥራሽ ፒያሳ ነው። ትልቋ አራት ዓመቷ፣ ትንሹ አራት ወሩ። የወሊድ ፈቃድሽን ከዓመት ዕረፍትሽ ጋር ቀጥለሽ ጨርሰሻል። ባለቤትሽ ክፍለ ሀገር ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ያውም ከተሳካለት። ያስጨነቀሽ ልጅቷን መሥሪያ ቤትሽ አጠገብ ያለ፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው የሚባል ስም ያለው ኬጂ አስገብተሽ ይዘሻት ትመላለሺ፣ ወይስ ሰፈር ትግባ የሚለው ነው። ከሥር ደግሞ «ሕፃኑን ለሠራተኛ ትቼ መውጣት ፈራሁ፣ ሥራውን ልተወው ይሆን?» ብለሻል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሰፈር አስገቢያት። ኬጂው ስም ባይኖረውም፣ ግቢው ቢጠብም ሰፈር ትግባ። ምክንያቴ ረዘም ይላል፤ ትንሹ እስኪነቃ አንብቢው።

እኔም እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፤ ሥራዬ ሜክሲኮ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጀመሪያዋን ልጄን ኬጂ ያስተማርኳት ይዣት እየተመላለስኩ ነው። ያኔ የኛ ብሎክ አካባቢ ገና ሰው እየገባ ነበር፤ ኬጂ ይቅርና ዳቦ ቤት እንኳን በቅርብ አልነበረም። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ግን ምን እንደሚመስል በደንብ አውቀዋለሁ።

ሥራ የሚገባው 2፡30 ነው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከዚያ መሃል ከተማ። ለ2፡30 ለመድረስ 12 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለብሽ። አንቺ 11 ሰዓት ትነሺያለሽ፣ እሷን 11 ተኩል ትቀሰቅሻታለሽ። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ በዚያ ሰዓት አትነቃም። ካልሲውን የምታጠልቂላት እንደተኛች ነው። ክንዷን ሹራቡ ውስጥ ስትከቺው መልሳ ታወጣዋለች። ቁርስ ብትያት አፏን ትዘጋለች። ስለዚህ ፍርፍሩን በምሳ ዕቃ ይዘሽ ትወጫለሽ። ታክሲ ውስጥ ትበላለች፣ ሳሪስ ስትደርሱ ታስመልሳለች። አጠገብሽ የተቀመጠው ሰውዬ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። አንቺ በአንድ እጅሽ ፌስታል፣ በሌላው ግንባሯን ይዘሽ «አይዞሽ እናቴ» ትያለሽ፤ ረዳቱ ደግሞ ሂሳብ ይላል። እኔ እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ፌስታልና ቅያሪ ሱሪ አይጠፋም።

ጠዋቱስ ይሁን። ማታው ነው የባሰው። ኬጂ ከ9 ሰዓት በኋላ ይለቃል። አንቺ የምትወጪው 11፡30 ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ማን ይይዛታል? አንዳንዱ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍያ ተቀብሎ ያቆያል። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲወሰዱ እያየች በሩ ሥር ትጠብቅሻለች። ከዚያ ሰልፍ። ከቃሊቲ መሃል ከተማ የሚመላለሰው ባቡር ለኛ ሰፈር ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ብቻሽን ስትሆኚ። በመውጫ ሰዓት ልጅ ይዘሽ ስትገቢ ግን ቁመቷ የሰው ወገብ ጋ ነው፤ ያ ሁሉ ቦርሳና ክርን ፊቷ ላይ ያርፋል። ቤት ስትደርሱ ተኝታለች። ሊፍት የለም። አራተኛ ፎቅ ድረስ እሷን በትከሻ፣ ዕቃውን በክንድ። እራት ሳትበላ ታድራለች። በማግሥቱ እንደገና 11 ተኩል።

«ቢያንስ አብረን እንሆናለን» ብለሻል። አብሮ መሆኑ እንዲህ ነው። ሁለታችሁም ደክሟችሁ፣ እሷ ስትነጫነጭ አንቺ ስትቆጪ። ሰፈር የምትማር ልጅ ግን 1፡30 ላይ ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ቁርሷን በልታ ትሄዳለች። አንቺ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ስትገቢ ተጫውታ፣ በልታ፣ ነቅታ ነው የምታገኚያት። ያ አንድ ሰዓት ከመንገዱ አራት ሰዓት ይበልጣል።

ሌላም አለ። ትንሹ ሲታመም አንቺ ከሥራ ትቀሪያለሽ አይደል? ኬጂዋ ከተማ ከሆነ አንቺ በቀረሽ ቁጥር እሷም ትቀራለች። ታክሲ ሲጠፋ ትቀራለች። ክረምቱ ሲጠናና ከብሎኩ እስከ አስፋልት ያለው ጭቃ ቦቲ ሲውጥ ትቀራለች። «ልጅቷ ትኩሳት አላት» ተብሎ ሲደወልልሽ ቅርብ መሆንሽ ጥሩ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ትኩሳት የያዛት ልጅ ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? ያንኑ መንገድ ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ብዙም አልልም። አራት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ አማርኛዋን ታውራ።

አሁን ሰፈር ያለውን ኬጂ እንዴት ትመርጪያለሽ? ምዝገባው ክረምት ላይ ስለሆነ ባዶ ክፍልና አዲስ ቀለም ነው የሚያሳዩሽ። የክረምት ትምህርት ካላቸው ሳትናገሪ ምሳ ሰዓት ላይ ሂጂ። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እይ። ውኃ አለ? ውኃ በማይመጣበት ቀንስ ሮቷቸው ይበቃል? ይህን በግልጽ ጠይቂ፤ በኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። ከዚያ በሩ ላይ ቁሚ። ጥበቃው ልጅ የሚወስደውን ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቃል ወይስ ማንም መጥቶ ይዞ ይወጣል? እኔ አንዱን ኬጂ የተውኩት በዚህ ነው። ግድግዳው በሚኪ ማውስ ያሸበረቀ ነበር፤ በሩ ግን ለማንም ክፍት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችንም አትዝለያቸው። ቅድመ አንደኛ ክፍል አላቸው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባሉ። እኔ ሁለተኛውን እዚያ ነው ያስገባሁት። የጎረቤት ሰው «ምነው አቅም አጣሽ?» ብሎኝ ነበር። ልጁ ምሳ ዕቃ ሳይዝ ሄዶ ጠግቦ ሲመጣ ዝም አሉ።

የሚወስዳትና የሚያመጣት ሰው ዋናው ነገር ነው። እዚህ ላይ ጎረቤት ካልያዝሽ ቱሉ ዲምቱ አያኖርሽም። ድሮ ሰፈር እናትሽ ነበሩ፣ እህትሽ ነበረች። እዚህ ሁሉም በዕጣ የመጣ ነው፤ በሩን ዘግቶ መግባት ይቀናዋል። አንቺ አንኳኪ። ቡና አፍዪና ጥሪ። ብሎካችሁ ዕድር ካለው ዛሬ ነገ ሳትዪ ግቢ፣ ከሌለው ደግሞ ጠይቂ፣ ሳይጀመር አይቀርም። ከኛ በታች ያሉት እማማ የልጅ ልጃቸውን ኬጂ ያደርሳሉ። «እናትዬ፣ ሁለቱንም ላድርሳቸው፣ ለኔ ያው ነው» አሉኝ። ገንዘብ ብሰጣቸው እንደሚቀየሙ ስለገባኝ ዘይትና ስኳር ስገዛ ለእሳቸውም እገዛለሁ፤ መድኃኒታቸውን ከከተማ የማመጣው እኔ ነኝ። ልጆቹ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ሲሄዱ በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁ፣ ዕረፍት የወሰድኩ ቀን። ትንሹ የኔ ልጅ ጫፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞታል። እማማም «ልቀቀኝማ፣ አንተ!» ይላሉ።

ወደ ትንሹ እንምጣ። እዚህ ላይ ምክሬ ይገለበጣል። መሥሪያ ቤትሽ የመንግሥት ይሁን የግል አልጻፍሽም። የመንግሥት ከሆነ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ስለነበር አንቺም ጋ ሊኖር ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ፣ ፐብሊክ ሰርቪሱም አለ፤ ቁጭ ብለሽ ትሄጃለሽ። እንዲህ ከሆነ ትንሹን ይዘሽው ሂጂ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ እስኪጀምር። ጠዋት 11 ሰዓት መነሳቱ እሱን አይጎዳውም፣ አዝለሽው ይተኛል። ጡት በየሦስት ሰዓቱ ስለሚፈልግ ካንቺ ጋር ቢሆን ይሻለዋል።

ማቆያ ከሌለ ጡትሽን አልበሽ ትተሽ መሄድ ነው። በንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት በኛ ሰፈር ዓይነት ብርድ ክፍል ውስጥ ከታለበ በኋላ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፍሪጁ በር ላይ አታድርጊው፣ ወደ ውስጥ ጥጉ ጋ ይሁን። መብራት ከሄደ የፍሪጁ በር እንዳይከፈት ለሠራተኛዋ ንገሪያት። ሲሞቅ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆም ነው እንጂ እሳት ላይ አይጣድም። በትንሽ ስኒ ማጠጣት ይቻላል፤ ለማጠብ ከጡጦ ይቀላል። ይህን ሁሉ በአፍ ብቻ አትንገሪያት፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቤት እያለሽ እሷ እንድታደርገው አድርጊ፣ አንቺ እይ።

ስለ ሠራተኛ መፍራትሽ ልክ ነው፤ ሁላችንም ፈርተናል። ደላላ ያመጣት እንደሆነ ተያዥዋን በአካል አግኚ፣ መታወቂያዋን እይ። ግን አንድ ነገር አትርሺ። እሷም ልጅ ናት፣ እሷም ሰው አገር ነው ያለችው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ደሞዝ የሚከፈልበትን ቀን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ ሥራዋ የት ድረስ እንደሆነ አንቺው ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። ሕፃን የያዘች ልጅ እንጀራ ጋግሪ፣ ልብስ እጠቢ፣ ከታች ውኃ ቅጂ አትባልም። ወይ ጀሪካኑን ትያዝ ወይ ልጁን። እኔ እንጀራ ገዛሁ፣ ልብሱን የምታጥብ ተመላላሽ በሳምንት አንዴ አስመጣሁ። የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች ደግሞ አስተምሪያት። እኛ ቤት ረዥም ጊዜ የቆየችው እየተማረች የነበረችው ናት። አንቺ ከገባሽ በኋላ ነው የምትወጣው፣ ምንም አይጎድልብሽም።

ጤና ጣቢያውንም አሁኑኑ ወደ ሰፈር አዙሪው። ክትባቱ የትም ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ካርዱን ይዘሽ መሄድ ብቻ። የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ሰው ያስታውሳል፣ የ15 ወሩን ሁለተኛ ዙር ግን ልጁ መሮጥ ስለሚጀምር እንረሳዋለን። ስልክሽ ላይ መዝግቢው። ሌሊት ለሚመጣ ሕመም ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በኛው ክፍለ ከተማ አለ። የሚያደርስሽን የባጃጅ ወይም የላዳ ሾፌር ስልክ ዛሬ ያዢ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ መፈለግ አይሆንም።

ሥራ መተዉን አሁን አትወስኚ። ክረምት ነው፣ እንቅልፍ አጥተሻል፣ አራስነትሽ ገና አልወጣልሽም። ልጅቷ መስከረም ላይ ሰፈር ትጀምር፣ ሕፃኑ ምግብ ይልመድ፣ ከዚያ ታኅሣሥ ጥር ላይ ቁጭ ብለሽ አስቢው። ስታሰቢ ደሞዝሽን ከሠራተኛና ከታክሲ ጋር ብቻ አታስተያዪ። ጡረታሽ አለ። ከደሞዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርልሻል፤ ስትወጪ ያ ይቆማል። ከመልቀቅሽ በፊትም አለቃሽን ሰዓት እንዲያሸጋሽግልሽ ጠይቂ። 1፡30 ገብቶ 10፡30 መውጣት ከተፈቀደልሽ ግፊያው ሳይጀምር ቃሊቲ ትደርሻለሽ። የከፋው «አይሆንም» መባል ነው።

ባለቤትሽንም አትተዪው። ሕጉ ራሱ አባትን ብዙም አላሰበም፤ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲል፣ በግል ድርጅት ለሚሠራ አባት ሦስት ቀን ነው የሰጠው። ለሐዘንም የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው እኮ! ግን ቅዳሜ ሲመጣ እንግዳ አይሁን። የሳምንቱን አስቤዛ፣ በርሜል መሙላቱን፣ ልጅቷን ፀጉር ቤት መውሰዱን ለእሱ ተይለት። የኔው መጀመሪያ «እኔ የልጅ ፀጉር ምን አውቃለሁ» ብሎ ነበር፤ አሁን የሹሩባ ዓይነት ያማርጣል።

ምዝገባ ሳይሞላ በዚህ ሳምንት ዞር ዞር በዪ። የብሎክ ቁጥርሽንም በውስጥ ጻፊልኝ። ከኛ ቅርብ ከሆንሽ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱን ኬጂዎች አሳይሻለሁ፣ ከእማማም ጋር አስተዋውቅሻለሁ። ከሩቅ በኩል ከሆንሽ ደግሞ እዚያ ብሎክ ያላችሁ እናቶች እባካችሁ መልሱላት።