ሲያድር የሚቀላ የጉድጓድ ውሃ፦ ማፍላት ይበቃል ወይ?

አይበቃም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ሊድ (እርሳስ) እና አርሴኒክ የሚባሉትን መርዛማ ንጥረ ነገሮች አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ መጠናቸው ይጨምራል።

"ደብረ ብርሃን ግቢያችን ያስቆፈርነው ውሃ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው፣ ሲያድር ይቀላል" ብለሃል። ያ በአብዛኛው አይረን (ብረት) ነው፤ አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ከባልዲ ወደ ባልዲ እያንደቀደቅክ አሳድረውና በአሸዋ አጣራው፣ ብዙው አይረን አሸዋው ላይ ይቀራል። እስከዚያው ነጠላ አትጠቡበት!

የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። አርሴኒክ ቀለምም ጣዕምም የለውም። ባንግላዴሽ ውስጥ ሕዝቡ ከቱቦ ጉድጓድ ጥርት ያለ ውሃ ሲጠጣ ኖሮ አርሴኒኩ የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአርሴኒክም ለሊድም ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ይህን በዓይን አትለየውም፤ አስመርምር።

1. ጠርሙሱን ከላብራቶሪው ተቀበል። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚሆነው አሲድ ይጨመርበታል።
2. ፓምፑን አስነስተህ ጥቂት ደቂቃ አፍስሰው፤ ከዚያ ቅዳ።
3. አርሴኒክ፣ ሊድ፣ ማንጋኒዝ ብለህ በስም ጠይቅ። ከብረታ ብረት ወገን ባይሆንም ፍሎራይድንም ጨምርበት።

በምን እንደምትቀዳ ግን ተጠንቀቅ። እኔ የመጀመሪያውን ናሙና የቀዳሁት በዛገ የቆርቆሮ ባልዲ ነበር። ውጤቱ አይረኑን ሰማይ አደረሰው፣ ደንግጬ ማጣሪያ ገዛሁ። በንጹሕ ፕላስቲክ ቀድቼ ሳስደግመው ጥፋቱ የባልዲው ሆኖ አረፈው። ማጣሪያው እስካሁን ጓዳ ተቀምጧል።