ፔጋንን «አረማዊ» ካላልነው ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ስድስት ኪሎ ማስተርስ እየተማርኩ ጎን ለጎን ትርጉም እሰራለሁ። አሁን የያዝኩት ጽሁፍ «ፔጋን ስተዲስ» ስለሚባለው የጥናት ዘርፍ ነው፣ የጥንቶቹንም የዛሬዎቹንም ፔጋኖች፣ እንደ ዜውስ ያሉ የድሮ አማልክትን የሚያመልኩትን፣ የሚያጠናው ማለቴ ነው። «አረማዊ» ብዬ ጀምሬ አንዱ ጓደኛዬ ስድብ ነው አለኝ፣ ሌላዋ ደግሞ «ባዕድ አምልኮ» በይው በቃ አለች፣ አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ ሁለት ሰአት ተጨቃጨቅን። ደሞ እንግሊዝኛው አንዴ በትልቁ ፒ አንዴ በትንሹ ፒ ይጽፈዋል፣ እሱንስ ምን ላርገው?

መልስ፦ ሰላም የኔ ልጅ። ጓደኛሽ ልክ ነው፣ ስድብ ነው፣ ግን እንዴት ስድብ እንደሆነ ብታውቂው ለስራሽ ይጠቅምሻል።

«አረማዊ» ከግዕዝ ነው ያገኘነው፣ ግዕዝ ደግሞ ከአራማይክ ነው የተበደረው። መጀመሪያ ተራ የህዝብ ስም ነበር፣ የአራም ማለትም የጥንቷ ሶርያ ሰው ማለት። አራማይክ ተናጋሪ አይሁዶችም በኋላ የሶርያ ክርስቲያኖችም የነሱን እምነት ያልያዘውን ጎረቤት በዚ ስም ይጠሩት ጀመር። ሶርያዎቹ ችግራቸው ምን መሰለሽ፣ እነሱ ራሳቸው እኮ የአራም ሰዎች ናቸው! ስለዚ አናባቢዋን ትንሽ ነካ አርገው ከአንዱ ቃል ሁለት አወጡ፣ አንዱን ለዘራቸው አንዱን ለማያምነው። እኛ ጋ የደረሰው የማያምነው ነው። በአይሁድ በኩል መጣ ወይስ በሶርያ ክርስቲያኖች የሚለውን ምሁራኑ እስከዛሬ ይከራከሩበታል።

«ጣዖት»ም ከዛው ከአራማይክ ነው፣ እዛ «ስህተት፣ መሳት» ማለት ነው። እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ግን «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ ከአራማይክ መምጣቱ ነው። ሃይማኖትም፣ ጣዖትም፣ አረማዊም አንድ ሻንጣ ውስጥ ገብተው ነው የመጡት፣ እና ሻንጣውን ያሸገው ሰው የማን ወገን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከዛ አማርኛ የራሱን ጨመረበት። «አረመኔ»ን አስቢው፣ ድሮ ያው አረማዊ ማለት ነበር፣ ዛሬ ግን ፒያሳ ላይ አንዱን ረዳት አረመኔ ብትዪው ስለ ሃይማኖቱ እያወራሽ እንደሆነ ፈጽሞ አይገባውም፣ ጨካኝ አለችኝ ነው የሚለው። ወንድሙ «አረመኔ» ጨካኝ የሚል ትርጉም ይዞበት «አረማዊ» የጥናት ዘርፍ ስም ሲሆን አይታየኝም።

«ባዕድ አምልኮ» ያለችው ጓደኛሽስ? በግዕዝ «ባዕድ» ማለት ሌላ ማለት ነው፣ ባዕድ አምልኮም ሌላ አምላክ ማምለክ ነው፣ ከአስርቱ ትእዛዛት የመጣ አነጋገር። በአማርኛ ግን ባዕድ የውጭ ሰው፣ ዘመድ ያልሆነ ሆኗል። እና እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሸመገለውን ቆሌውንም አድባሩንም «ባዕድ» ስንለው ባለቤቱን እንግዳ አረግነው ማለት ነው። «አሕዛብ» ደሞ የሕዝብ ብዙ ቁጥር ነው፣ «ሌሎቹ ህዝቦች» እንደማለት፣ እሱን ለመጽሐፍ ቅዱስ ተይው።

በነገራችን ላይ ፈረንጁም ከኛ አይሻልም። ፔጋን ከላቲኑ «ፓጋኑስ» ነው፣ ፓጋኑስ የገጠር ሰው ነው፣ ባላገር፣ በአራዳ ልጅ ቋንቋ ፋራ። በሮማ ወታደሮች አፍ ደግሞ «ሲቪል» ለማለትም ያገለግል ነበር። ክርስቲያኖቹ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ይሄን ቃል ያነሱት ከየትኛው ትርጉሙ ተነስተው እንደሆነ አልተስማሙበትም፣ ግን በየትኛውም ብትሄጂ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ስም ነው። ዜውስን ሲያመልክ የኖረ ግሪክ አንድም ቀን «እኔ ፔጋን ነኝ» ብሎ አያውቅም።

የትልቁ ፒ ጉዳይ ከዚ ጋር ነው የሚያያዘው። የዛሬዎቹ ግን «እኔ ፔጋን ነኝ» ይላሉ፣ ስድቡን ወስደው ስም አረጉት። ስለዚ ዘርፉ ውስጥ ያሉ ብዙ አጥኚዎች፣ የራሳቸው ጆርናል አላቸው «ዘ ፖምግራኔት» የሚባል፣ በ1990ዎቹ የተጀመረ (እዚ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ካልሆነ እነግርሻለሁ)፣ ለዛሬዎቹ እንደ ክርስቲያንና እንደ ሙስሊም በትልቁ ይጽፉታል፣ ትንሹን ለድሮው አጠራር ይተውታል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ስለዚ እንግሊዝኛው በአንድ ፊደል የሚገላገለውን አንቺ በቃል መለየት አለብሽ።

እኔ እንዲህ ነው የማረገው። ለዛሬዎቹ «ፔጋን» እላለሁ እንዳለ፣ ብዙ ቁጥሩ ፔጋኖች፣ ራሳቸው የሚጠሩበት ነውና። «ፔጋናዊ» አትበይ፣ አፍ ላይም አይመችም። ለጥንቶቹ ግን የጋራ ስም ባትፈልጊላቸው ይሻላል፣ በአገራቸው ጥሪያቸው፣ የጥንት ግሪኮች ሃይማኖት፣ ቅድመ ክርስትና የአክሱም ሃይማኖት። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ጽሁፍ ራሱን «የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ» ይላል፣ አስታርን፣ በሔርንና ምድርንም ይጠራል። ስም ያለውን አምላክ በስሙ መጥራት እየተቻለ «አረማዊ አምልኮ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፣ ይቅርታ አርጊልኝ። «አረማዊ»ን የምትጽፊው ምንጩ ራሱ እንደዛ ሲል ብቻ፣ በጥቅስ ውስጥ።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ፣ ከዛሬዎቹ የፔጋን ሃይማኖቶች አንዱ የሆነው ዊካ ጋ ስትደርሺ ነው። ዊካዎች ራሳቸውን «ዊች» ይላሉ፣ መዝገበ ቃላትሽ ጠንቋይ ይልሻል፣ እንዳትሰሚው። የኛ ጠንቋይ ስራው ነው፣ ሰው ልጄ ጠፋ ብሬ ተሰረቀ ብሎ ከፍሎ ይጠይቀዋል፣ ዊካ ደግሞ አምላክና እንስት አምላክ ያለው፣ የወቅቶችን ዙር የሚያከብር ሃይማኖት ነው። «ጥንታዊ እምነት»ም አትበዪው። ማርጋሬት መሪ የምትባል የእንግሊዝ ምሁር 1921 ላይ በአውሮፓ በጥንቆላ የተከሰሱት ከክርስትና በፊት የነበረ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው ብላ ነበር፣ ዊካን ያስፋፋው ጄራልድ ጋርድነርም የእንግሊዝ የጥንቆላ ህግ 1951 ላይ ሲሻር ብቅ ብሎ ያ ሃይማኖት አልሞተም አለ። በኋላ የታሪክ ሰዎች ሲመረምሩት የመሪ ነገር አልቆመም፣ ሮናልድ ኸተን የሚባለው የብሪስቶል ፕሮፌሰርም 1999 ባወጣው ጥናት ዊካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ቅርጽ የያዘ ሃይማኖት እንደሆነ አሳይቷል። አዲስ መሆኑ ነውር የለውም፣ ግን «ጥንታዊ» ብለሽ ከተረጎምሽው ደራሲው ያላለውን አስባልሽው ማለት ነው።

እና ደሞ ምሳሌ ፍለጋ ዋቄፈናን እዚ ሳጥን ውስጥ እንዳትከቺው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢሬቻ እዚሁ መሀል አዲስ አበባ ይከበራል፣ በዛ ሰሞን መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለፈ ያውቀዋል፣ የሌላ እምነት ሰዎችም ይገኙበታል። ዋቃ አንድ ነው፣ ሃይማኖቱም የራሱ ስም አለው፣ ፔጋንም አረማዊም ማለት ሰውን የማያውቀውን ስም መስጠት ነው።

ርእስሽን «የጥንትና የዘመናችን ፔጋን ሃይማኖቶች ጥናት» በይው፣ ለምቾት ብለሽ ነው እንጂ ጥንቶቹን ፔጋን ማለቱ ልክ ሆኖ አደለም፣ ያንን መግቢያው ላይ በአንድ መስመር ጻፊው። ሃይማኖት ያልኩት አውቄ ነው። አማርኛችን ውስጥ የራሳችን ሲሆን ሃይማኖት፣ የጎረቤት ሲሆን እምነት፣ ያልወደድነው ሲሆን አምልኮ የማለት ልማድ አለ፣ ማንም ሳያስተምረን ነው የምናረገው። አማካሪሽ «የድሮዎቹን የሰሜን አውሮፓ አማልክት ቶርና ኦዲንን ማምለክ ሃይማኖት ነው ትያለሽ?» ካለሽ፣ የአይስላንድ መንግስት 1973 ላይ ሃይማኖት ብሎ መዝግቦታል በይው።