ጀበና መስራት ለመማር የአንድ ቀን ወርክሾፕ ይበቃል ወይ ላልሽው

እህቴ ሰላም። «ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የአንድ ቀን የሸክላ ወርክሾፕ አግኝቻለሁ፤ ጠዋት ዊል (የሚሽከረከር የሸክላ መስሪያ) ላይ መስራት፣ ከሰዓት ማስጌጥ። ልመዝገብ ወይስ የብዙ ሳምንት ኮርስ ልጠብቅ? ሕልሜ የራሴን ጀበና መስራት ነው» ብለሽ ነበር። ትንሽ ስለቆየሁበት ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዊል መልመድ ከሆነ ሐሳብሽ ኮርሱን ጠብቂ። ያለሽ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግን ዊሉን ተይውና በእጅ መስራትና ማስጌጥ ያለበትን ፈልጊ።

ዊል ላይ ጀማሪን የሚፈትነው ሸክላውን መሀል ማስያዝ ነው። ጭቃው እጅሽ ውስጥ መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ ከጎንም ከላይም እየተጫንሽ ትይዥዋለሽ። ክርንሽን ጭንሽ ላይ ካላስደገፍሽ ጭቃው አንቺን ይዞ ይዞራል። መሀል ሳይዝ በጣትሽ ጎድጓዳ ካደረግሽው ደግሞ አንዱ ጎን ወፍራም፣ ሌላው ስስ ይሆንና ወደ ላይ ስትስቢው ይጣመማል። ይህን እጅ የሚለምደው በመደጋገም ብቻ ነው። በአንድ ጠዋት የሚሆነው ምን መሰለሽ? ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አስተማሪዋ መጥታ እጇን እጅሽ ላይ ታደርጋለች፣ ኩባያውም ቀጥ ይላል። ፎቶው ያምራል። ኩባያው ግን የእሷ ነው።

በዚያ ላይ ሥራው በዚያ ቀን አያልቅም። ዕቃው ግማሽ ሲደርቅ ተገልብጦ ቂጡ ይጠረባል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይደርቅና 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት ይቃጠላል። ቀጥሎ ግሌዝ (ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ) ይቀባና እንደገና እሳት ይገባል። ስቶንዌር (በከፍተኛ እሳት የሚጠነክር የሸክላ ዓይነት) ከሆነ ሁለተኛው እሳት ከ1200 ዲግሪ ያልፋል። በአንድ ቀን ወርክሾፕ ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ይሰራልሻል፤ አንቺ ከሳምንታት በኋላ ሄደሽ ትወስጃለሽ። ሲደርቅና ሲቃጠል መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ የሚቀንስ ሸክላም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ዕቃሽ ጠቦ ቢመጣ አይግረምሽ። ከመክፈልሽ በፊት ማቃጠሉና ግሌዙ ዋጋው ውስጥ መግባቱን፣ ለየሰዉ ዊል መኖሩንም ጠይቂ።

ማስጌጡ ግን በአንድ ቀን እውነተኛ ትምህርት ይሰጣል። ግማሽ የደረቀ ዕቃ ላይ ባለቀለም ቀጭን ጭቃ ትቀቢና በስለት እየጫርሽ ከሥር ያለውን ቀለም ታወጫለሽ፤ ስግራፊቶ የሚሉት እሱን ነው። ግሌዝ እንዳይዝ የምትፈልጊውን ቦታ በሰም መሸፈንም አለ። ደግሞ ግሌዝ ባልዲ ውስጥ የሚያሳየውን ቀለም አትመኚ፤ እሳት ውስጥ ፈጽሞ ሌላ ሊሆን ስለሚችል የተቃጠለ ናሙና አሳዩኝ በይ። የዕቃው ቂጥ ላይ ግሌዝ አይቀርም፤ ከቀረ ቀልጦ ከምድጃው መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል። አንዳንድ ቦታ ተቃጥሎ ያለቀ ነጭ ኩባያ ሰጥተው «ቀቢ» ይሉሻል። ከልጆች ጋር ለመዝናናት ጥሩ ነው፣ ሸክላ ግን አያስተምርም።

አሁን ወደ ጀበናሽ። ለእሱ ዊል አያስፈልግሽም። የአዲስ አበባዋ የቀጨኔም ሆነ ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ ሸክላ ሠሪ ሴቶች በእጃቸው ነው የሚሰሩት። እዚህም ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ በመደራረብ መስራት የሚያስተምሩ ክፍሎች አሉ፤ የሆድና የአንገቱን አሰራር እዚያ ትማሪያለሽ። በለስላሳ ድንጋይ ማሸትንም እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። (የሚገርመው፣ አገር ቤት «ሸክላ ሠሪ» ስድብ ነበር። ባለሙያዎቹን ቡዳ እያልን ስናገል ኖረን እዚህ ገንዘብ ከፍለን እንማረዋለን።)

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በስቶንዌር የሰራሽውን ጀበና እሳት ላይ አትጣጂው፣ ይሰነጠቃል። የአገር ቤቱ ጀበና በዝቅተኛ ሙቀት የተቃጠለና ጭቃው ሻካራ ስለሆነ ነው ድንገተኛ ሙቀትን የሚችለው። ስለዚህ «ምድጃ ላይ የሚጣድ ዕቃ ልሰራ ነው» ብለሽ ሸክላውን ቀድመሽ አስመርጪ። ካልሆነ ያንቺኛው ለጌጥ ይቀመጣል፣ ቡናው በድሮው ይፈላል።

ለቦታ፣ ሜሪላንድ ያለው ግሌን ኤኮ ፓርክ ለአንቺ ቅርብ ነው። ድሮ የመዝናኛ መናፈሻ ነበር፤ አሁን ክብ ድንኳን መሳይ ቤቶች ውስጥ ሸክላ ያስተምራሉ። ገና እያመነታሽ ከሆነ ደግሞ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቶርፒዶ ፋክተሪ ብቅ በይ። የቶርፒዶ ፋብሪካ ነበር፣ ከ1974 ወዲህ የጥበብ ማዕከል ሆኗል። አርቲስቶቹ ሲሰሩ በነጻ ታያለሽ።

ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ቀለበትሽን ቤት ተይው። ጠረጴዛሽን ስታጸጂ በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጊ፣ በደረቁ አትጥረጊ፤ የደረቀ ሸክላ ብናኝ ለሳንባ አይሆንም።