አሜሪካን ለማየት ለተነሳችሁ ወጣቶች፦ ውሃውን ተከተሉ

ዕድሜዬ ያለቀው የሰው ጉዞ ሳሰናዳ ነው። ቲኬት ስቆርጥ፣ ሆቴል ስይዝ፣ የጠፋ ሻንጣ ሳፈላልግ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጣቶች ፕሮግራማቸውን እየላኩ "እስቲ ይዩልን" ይሉኛል። አሜሪካ ለሚሄዱት ዝርዝሩ ሁሌም ያው ነው። ኒውዮርክ፣ ናያጋራ፣ የሎውስቶን፣ ግራንድ ካንየን፣ ላስ ቬጋስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ። ያውም በአስር ቀን!

ቦታዎቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ግን ካርታውን ዘርግታችሁ እዩት። ከኒውዮርክ ሎስ አንጀለስ በመኪና 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን እንኳ ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አላስካንና ሃዋይን ትታችሁ፣ የቀረው መሬት ብቻ አራት የሰዓት ክልል አለው። ይህን ሁሉ በአስር ቀን የሚያካልል ሰው ሲመለስ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ኤርፖርቶቹን ነው።

ስለዚህ አንድ ማዕዘን ምረጡ። እዚያ አንድ ከተማና አንድ የተፈጥሮ ቦታ አጣምሩ። ቅርብ ለቅርብ የሆኑትን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ በውሃ የተሳሰሩትን ማለቴ ነው። ከተማው የሚጠጣው ወይም የከበረበት ውሃ ከየት እንደመጣ ስታዩ፣ የተበታተነው ጉብኝት አንድ ታሪክ ይሆንላችኋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ላስ ቬጋስን እንውሰድ። መብራቱን አንድ ማታ እዩት፤ ይበቃል። በማግስቱ መኪና ተከራይታችሁ ወደ ሁቨር ግድብ ሂዱ። አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከፍታው 221 ሜትር ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የመረቁት በ1935 ነው። ከግድቡ ጀርባ ያለውን ሜድ ሐይቅን ስታዩ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ዓለቱን በዞረው ነጭ መስመር ላይ ነው። ውሃው ድሮ እስከዚያ ይደርስ ነበር። እየቀነሰ ሲሄድ ማዕድኑን ዓለቱ ላይ ትቶ ወረደ። ላስ ቬጋስ ከሚጠቀመው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ሐይቅ ነው። ያንን ሁሉ ሕዝብ በረሃ መሃል ያኖረው ይሄ ነው። መስመሩን አይቶ ወደ ከተማው የተመለሰ ሰው ቬጋስን እንደ ትናንቱ አያያትም።

ሐይቁን የሚሞላው የኮሎራዶ ወንዝ ነው። እዚህ ከመድረሱ በፊት ግራንድ ካንየንን ሰንጥቆ የሚያልፈውም እሱው ነው። ሸለቆው 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ከ1,600 ሜትር ያልፋል። ታች ያሉት ዓለቶች ከ1.7 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ወንዙ ግን፣ ብዙ ጂኦሎጂስቶች እንደሚሉት፣ ሸለቆውን የቆረጠው ባለፉት 5 ወይም 6 ሚሊዮን ዓመታት ነው። ዓለቱ ሽማግሌ፣ ሸለቆው ሕፃን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከላስ ቬጋስ የሚነሱ አጫጭር "የግራንድ ካንየን" ጉብኝቶች ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ወደ ምዕራቡ አፋፍ ነው። ቅርብ ነዋ! እሱ የህዋላፓይ ሕዝብ መሬት ነው እንጂ ብሔራዊ ፓርኩ አይደለም። ከገደሉ በላይ የተዘረጋው የመስታወት መረማመጃም ያለው እዚያ ነው። መጥፎ ቦታ አይደለም፤ ምን እንደምትገዙ እወቁ ለማለት ነው። በፎቶ የለመዳችሁት ሸለቆ የደቡቡ አፋፍ ነው። ከላስ ቬጋስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ከሄዳችሁ እደሩ። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለማይኖር ሸለቆው ጠፍጣፋ ሥዕል ይመስላል። ጥልቀቱ የሚገለጠው ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። የቀን ጎብኚ ሁለቱንም አያገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እባካችሁ። ወንዙ ድረስ ወርዶ በዚያው ቀን መመለስን አታስቡት። የፓርኩ ጠባቂዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ተራራ ላይ አቀበቱ ይቀድማል፤ የደከመው ሰው ከመንገድ ይመለሳል። እዚህ ቁልቁለቱ ይቀድማል። ድካሙ ሲታወቃችሁ ሩቅ ወርዳችኋል። በጁላይ ደግሞ ታች ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጉልበት ያለው ወጣት ነው በዚህ የሚታለለው።

ሁለተኛው ጥምረት ሳን ፍራንሲስኮና ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የጎልደን ጌት ድልድይ በ1937 ተከፈተ። በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለው ርዝመት 1,280 ሜትር ነው። በፈረንጆቹ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ጭጋጉን ነው። ቀይ ማማውን ጥርት ብሎ ለማየት ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይሻላሉ። ዮሰሚቲ ግን ሌላ ወቅት ይፈልጋል። ፏፏቴዎቹ የሚፈሱት ከሚቀልጠው በረዶ ስለሆነ ግርማቸው በሜይና በጁን ነው። 739 ሜትር የሚወርደው የዮሰሚቲ ፏፏቴ ኦገስት ላይ ሊደርቅ ይችላል። ድልድዩን ወይስ ፏፏቴውን? አንዱን ምረጡ። እኔ ብሆን ፏፏቴውን። ድልድዩ በጭጋግም ያምራል፤ ውሃ የሌለው ፏፏቴ ግን እርጥብ ዓለት ብቻ ነው፤ እርጥበቱም ከተገኘ።

ሁለቱን የሚያገናኘው ሄች ሄቺ የሚባል ሸለቆ ነው። በዚያው ፓርክ ውስጥ ነው፤ ጎብኚ ግን ብዙም አይሄድበትም። የተፈጥሮ ጥበቃ ተሟጋቹ ጆን ሚዩር እንዳይገደብ አጥብቆ ታገለ። ኮንግረሱ በ1913 ፈቀደ፣ ግድቡ በ1923 አለቀ። ሳን ፍራንሲስኮ ሆቴላችሁ ውስጥ ቧንቧ ስትከፍቱ አብዛኛው የሚወርድላችሁ የዚያ ሸለቆ ውሃ ነው። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርሰው በተዳፋቱ ኃይል ነው። ሚዩር ትክክል ነበር ወይ? እዚያ ቆማችሁ ተከራከሩበት። እኔ እስካሁን ልቤ ሁለት ነው።

ምሥራቁን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኒውዮርክንና ናያጋራን ያስተሳሰረው በ1825 የተከፈተው የኢሪ ቦይ ነው። የኢሪ ሐይቅን ከሃድሰን ወንዝ ጋር ሲያገናኝ የመሃል አገሩ እህልና ዕቃ ወደ ኒውዮርክ ወደብ ጎረፈ። የኢሪ ሐይቅ ውሃ ራሱ ደግሞ ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ ሲወርድ ናያጋራን ይፈጥራል። በ1950 በተፈረመው ውል መሠረት አሜሪካና ካናዳ ውሃውን ለኤሌክትሪክ ይጠልፉታል። በጎብኚ ወቅት ቀን ላይ የሚለቀቀው ከሌሊቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ቀን ሂዱ። ሰፊው ዕይታ ከካናዳ በኩል ነው፤ ድልድዩን ከመሻገራችሁ በፊት ግን ቪዛችሁ ተመልሳችሁ እንደሚያስገባችሁ አረጋግጡ። የነፃነት ሐውልትን ከሩቅ ማየት ለሚበቃው የስታተን አይላንድ ጀልባ በነፃ አጠገቡ ያልፋል። ዘውዱ ድረስ መውጣት የሚፈልግ ወራት ቀድሞ ይመዝገብ።

የሎውስቶን ከተማ የለውም። ለእሱ ብቻ ተብሎ የሚኬድ ቦታ ነው። በ1872 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። "ኦልድ ፌይዝፉል" የሚባለው ፍል ውሃ በአማካይ በየ90 ደቂቃው ይፈነዳል። ከእንጨት መረማመጃው አትውረዱ፤ በፍል ውሃዎቹ ዙሪያ ያለው ስስ የመሬት ቅርፊት ተሰብሮባቸው ወድቀው የሞቱ ሰዎች አሉ። ከጎሽ 23፣ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር ራቁ። ለሰልፊ ብሎ የሚጠጋ አይጠፋም፣ ተወግቶ የሚመለስም እንዲሁ። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል አጋማሽ አብዛኛው መንገድ ለመኪና ዝግ ነው።

ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁ ቺካጎ ይበቃችኋል። የከተማው ፍሳሽ የሚጠጡትን የሚሺጋን ሐይቅን እያበላሸ ስላስቸገራቸው በ1900 ወንዙን ወደ ኋላ እንዲፈስ አድርገውታል። ዛሬ በዚያው ወንዝ ላይ ጀልባዎች እየሄዱ ሕንፃዎቹን በየዘመናቸው ያስረዳሉ። አብዛኞቹ በብርዱ ወራት አይሠሩም፤ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ከሄዳችሁ ግን ቲኬቱን ቀድማችሁ ያዙ፣ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ያልቃል።