የአላታን ድልድይ ከእናት ጋር ለማየት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ባሕር ዳር ሁለት ቀን አለን። ታሪካዊ የሚባለው ድልድይ ከተማው ውስጥ ያለው ነው ወይስ ጢስ አባይ? እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ይችሉታል?» ብለሻል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምወስድበት ቦታ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ታሪካዊው የጢስ አባዩ ነው። ሰው የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል፣ አላታ ድልድይም ይባላል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመናኸሪያ መኪና ይገኛል፣ ግን ከእናትሽ ጋር ስለሆንሽ ብትችዪ ኮንትራት ያዢ። የመግቢያ ትኬቱን ጢስ አባይ ከተማ ቁረጪ፣ ከዚያ በእግር ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ድልድዩን ወደ ፏፏቴው መሻገሪያ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉት። ብዙ እንግዳ አንድ ፎቶ ያነሳና «ፏፏቴው ገና ነው?» እያለ ወደ ላይ ይሮጣል። ሁሌም ይቆጨኛል። ፏፏቴው ተፈጥሮ ነው። ድልድዩ ግን ሰው አስቦ የሠራው ነው፣ ያውም በፈረንጆቹ 1626፣ በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ። በአገራችን የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ በፊት ክረምት ሲገባ አባይ ይሞላና ጎጃምንና ቤጌምድርን ለያይቶ ያስቀምጣቸው ነበር።

ታሪኩን ያቆየልን በዘመኑ እዚሁ አገር የነበረው የካቶሊክ (ኢየሱሳዊ) ቄስ ማኑኤል ደ አልሜዳ ነው። እሱ እንደጻፈው፣ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እዚያው አጠገብ በአላታ ወንዝ ዳር ተገኘ። ሥራውን የመራው ደግሞ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአልፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ኖራው ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ የአባይን ክረምት አይችልም፣ ጎርፍ አጥቦ ይወስደዋል። ኖራ ግን ይጠነክራል። ስትሄዱ በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ማያያዣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። እንቁላል ተቀላቅሎበታል የሚል ወሬም ትሰማላችሁ፣ በአገራችን ስለ ድሮ ግንብ ሁሉ የሚባል ነው። እኔ የአልሜዳን ይዣለሁ።

ቦታውንም አስተውዪ። ፏፏቴው ጋ ያን ያህል የሚሰፋው አባይ፣ ትንሽ ወረድ ሲል በጥቁር ድንጋይ መሀል ተጨምቆ ጠባብ ይሆናል። ግንበኞቹ የመረጡት ይህንን ጥበት ነው። መሠረቱ አለት ላይ ነው። ቅስቶቹም እኩል አይደሉም፣ ክረምት ውኃው ሲነሳ በጎን ያሉትም ያሳልፉታል። ይህን ለማየት ድልድዩ ላይ መቆም አይበቃም። ተሻግራችሁ በጎን በኩል ቁጭ በሉና ከዚያ ሆናችሁ እዩት። ቅስት ጎልቶ የሚታየው ከጎን ነው። ደግሞ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎት ገበሬው ዛሬም አህያውን ጭኖ ይሻገርበታል። ሲመጣ ጥግ ይዛችሁ አሳልፉት፣ መንገዱ የእሱ ነው። የጎኑ ግንብ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጅ ካለ እጁን ያዙ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል። ሲመለሱ ደግሞ ዳገት ይጠብቃቸዋል። በጠዋት ብርድ ጀምሩ፣ ዱላ ይያዙ፣ ከመንደሩ ልጆች አንዱን ደጋፊ አድርጊላቸው። ድልድዩን አይታችሁ በመጣችሁበት ብትመለሱ ጥሩ ነው። ከድልድዩ ማዶ ወደ ፏፏቴው ማያ የሚወጣው መንገድ ለታመመ ጉልበት ይከብዳል። እናትሽ ፏፏቴውንም ልይ ካሉ ከላይ በኩል በጀልባ የሚሻገሩበት መንገድ አለ፣ እሱ ሜዳ ሜዳውን ነው። ወንዙ ሲሞላ ግን ጀልባው ላይሠራ ይችላል።

ወሩን አልጻፍሽም። ፏፏቴው የሚያምረው ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው። ውኃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል። ለድልድዩ ግን እኔ በጋን እመርጣለሁ። ውኃው ሲጎድል መሠረቱና አለቱ ይገለጣል፣ መንገዱም አያዳልጥም። ክረምት ከሆነ ያ ጥቁር ጭቃ ለእናትሽ አይሆንም። እንዲያ ከሆነ ወረዳችሁ አትድከሙ፣ በሌላ ጊዜ ይደርሳል።

የከተማውን ድልድይ ለመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ያዙት። አዲሱ በግንቦት 2016 ነው የተመረቀው፣ 380 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 43 ሜትር ነው። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ እናትሽ በደንብ ይንሸራሸሩበታል። አጠገቡ ያለውን የድሮውን ድልድይ ፎቶ ለማንሳት ካሰብሽ ግን መጀመሪያ ጥበቃዎቹን ጠይቂ።

በአስተያየቶቹ ላይ ሰባራ ድልድይን ያነሱልሽ አሉ። እሱ ከአላታ ድልድይ በታች፣ በሞጣ በኩል ነው። መሀሉ ተሰብሮ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት የነበረው ማለት ነው። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ግን ለሁለት ቀን ጉዞና ለታመመ ጉልበት አይሆንም።

የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ከዚህ ሆነን ልንነግርሽ አንችልም። ባሕር ዳር ስትደርሱ ያረፋችሁበት ሆቴል ያሉትን ሰዎችና ሹፌሩን ጠይቂ፣ መንገዱ ሰላም ነው ካሉሽ ብቻ ውጡ። ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ ተመለሱ።